ወፏ መረብ ውስጥ ምን ልትሠራ ገባች?

ሰኔ 12 ቀን እኛ ሚካኤልን ስናነግሥ ሌላው ዓለም አልባትሮስ የተባለውን ትልቅ የባሕር ወፍ ቀን ያስባል። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በየዓመቱ የሚውል ቀን ነው። በዚያ ሰሞን መንጠቆ የዋጠ ትልቅ ነጭ ወፍ ፎቶ ከስልክ ስልክ ይዞራል። እዚህ ባሕር ዳር ወሬው ሲነሳ የምሰማው መልስ ሁለት ነው። አንዱ "ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው!" ይላል። ሌላው "ባሕር እንኳ የለን፣ የባሕር ወፍ ምን አገባን?" ብሎ ይስቃል።

ሁለቱም ነገሩን ይስቱታል። አስጋሪው ወፏን አይፈልጋትም፤ እንዲያውም ታከስረዋለች። ባሕር ባይኖረን ደግሞ ጣና አለን። ጣና ላይ መረብ ይጣላል። መረቡ በሚጣልበት ውሃ ውስጥ ጠልቆ ዓሣ የሚያድን ወፍም አለ። የባሕሩን ታሪክ ማወቅ የሚጠቅመን ለዚህ ነው። ከባሕሩ ችግር ግማሹ መፍትሔ አግኝቷል። መፍትሔ ያላገኘው ግማሽ ደግሞ ጣና ላይ ያለውን የሚመስለው ነው።

አልባትሮስ ምን የተለየ ነገር አለው?

አልባትሮስ በአብዛኛው በደቡቡ ንፍቀ ክበብ፣ በቀዝቃዛው ውቅያኖስ ላይ የሚኖር ወፍ ነው። 22 ዝርያዎች አሉት። ከሁሉ የሚበልጠው ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3.5 ሜትር ይደርሳል። በዓለም ካሉ ወፎች ረጅሙ ክንፍ የእሱ ነው። ክንፉን ሳያርገበግብ ነፋስ ላይ ተኝቶ ለሰዓታት ይሄዳል። የብስ የሚረግጠው ሊራባ ሲፈልግ ነው።

ጣጣው ያለው አወላለዱ ላይ ነው። ይህ ትልቁ አልባትሮስ መጀመሪያ የሚወልደው 10 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። የሚጥለውም አንዲት እንቁላል ብቻ። ጫጩቱን አሳድጎ ለማስበረር አንድ ዓመት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ልጅ የሚያሳድገው በሁለት ዓመት አንዴ ነው። እናትና አባት እየተፈራረቁ ካልመገቡት ጫጩቱ አይተርፍም። አንዱ ወላጅ መንጠቆ ላይ ከቀረ ጎጆ ውስጥ ያለውም አብሮ አለቀ ማለት ነው። የቀረው ወላጅ ሌላ ጓደኛ እስኪያገኝ ደግሞ ዓመታት ይሄዳሉ።

ዕድሜው ግን ረጅም ነው። ሚድዌይ በምትባል የፓሲፊክ ደሴት በ1956 (እ.ኤ.አ.) እግሯ ላይ ቀለበት የታሰረላት ዊዝደም የተባለች አልባትሮስ አለች። ከ70 ዓመት በላይ ሆኗትም እንቁላል ጥላለች። እንዲህ ያለ ወፍ የሚኖረው ቀስ ብሎ ወልዶ፣ ብዙ ቆይቶ ነው። ከትልልቆቹ መሃል በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ሲቀነስ ጉድለቱን የሚሞላ ልጅ ቶሎ አይደርስም።

አስጋሪው የፈለገው ዓሣ ነው፤ ወፏ ከየት መጣች?

የንግድ ዓሣ ማስገሪያ ብዙ ዓይነት ነው። ወፍ በመግደል ስማቸው የሚነሳው በተለይ ሦስት ናቸው።

አንደኛው ረጅም ገመድ ነው። መርከቧ እየሄደች አንድ ዋና ገመድ ከኋላዋ ትለቃለች። ገመዱ እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ከእሱ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ቅርንጫፍ ክሮች ይንጠለጠላሉ። በየክሩ ጫፍ መንጠቆ አለ። መንጠቆው ላይ ትንሽ ዓሣ ወይም ስኩዊድ የሚባል ለስላሳ የባሕር እንስሳ ይሰካል። የሚፈለገው ቱና ነው፣ ሰይፍ ዓሣ ነው፣ ወይም ጥልቅ ውስጥ የሚኖር ሌላ ትልቅ ዓሣ ነው።

መንጠቆው ከመርከቧ ኋላ ውሃ የሚነካበትን ቅጽበት እንየው። ወዲያው አይሰምጥም። ምግቡ ቀላል ነው። ክሩም ላላ ያለ ነው። የመርከቧ ሞተር የሚያናውጠው ውሃም መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ለጥቂት ሰከንድ ላይ ላይ ይንሳፈፋል። ወፎቹ ደግሞ መርከብ ባለበት ምግብ እንዳለ ካወቁ ቆይተዋል፤ ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ። አንዷ ትወርድና ምግቡን ከነመንጠቆው ዋጥ ታደርጋለች። ገመዱ መስመጡን አያቆምም። ወፏ ክንፏን ዘርግታ ውሃውን ትደበድባለች፤ ሚዛኑ ግን ከእሷ ጋር አይደለም። ይዟት ይወርዳል። ከሰዓታት በኋላ ገመዱ ሲሳብ ቱና ይያዝበታል የተባለው መንጠቆ ሰጥማ የሞተች ወፍ ይዞ ይወጣል።

ሁሉ ነገር የሚያልቀው በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶችና በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ጥልቀት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ መፍትሔዎቹ በሙሉ የሚሽከረከሩት እዚያው ላይ ነው።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ግን አለ። አልባትሮስ ራሱ ጥሩ ጠላቂ አይደለም። ነጭ አገጭ ፔትሬል የሚባለው አነስ ያለ ወፍ ግን ከ10 ሜትር በላይ ይጠልቃል። አልባትሮሱ ያልደረሰበትን መንጠቆ ከታች ያወጣዋል። ላይ ሲደርስ አልባትሮሱ በጉልበት ይቀማዋል፤ መንጠቆውንም አብሮ ይቀማል። በቅሚያ የሚሞተው ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ትሮል ነው። መርከብ የሚጎትተው ትልቅ ከረጢት መሳይ መረብ ማለት ነው። መረቡን የሚይዙት ወፋፍራም የብረት ገመዶች ናቸው። መርከቡ ላይ ዓሣው ሲበለት አንጀቱና ጭንቅላቱ ወደ ባሕር ይጣላል። ዓሣ ሲበለት ወፍ መሰብሰቡ የትም ያው ነው፤ ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳዎቹ የሚጋፉትም ለዚሁ ነው። ባሕሩ ላይ ግን በግርግሩ መሃል የተወጠረ ብረት አለ። ክንፋቸውን ይመታና ወደ ውሃው ይዟቸው ይገባል። የተመታው ወፍ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይሰጥማል እንጂ መርከቡ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ለብዙ ዘመን ማንም አልቆጠረውም።

ሦስተኛው ውሃ ውስጥ እንደቆመ የሚቀረው መረብ ነው። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ የእኛው ስለሆነ።

ስንት ነው የሚሞተው?

በ2011 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ዓለም አቀፍ ግምት በረጅም ገመድ ብቻ በዓመት ቢያንስ 160,000፣ ምናልባትም 320,000 የባሕር ወፍ እንደሚሞት ያሳያል። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ግምት ደግሞ በቆመ መረብ የሚሞተውን ወደ 400,000 አደረሰው። ሁለቱም ግምት እንጂ ቆጠራ አይደሉም። ምክንያቱም ከተያዘው ወፍ ከፊሉ ገመዱ ሳይሳብ በፊት ተቦጭቆ ይቀራል። ብዙ መርከብ ላይም ወፍ የሚመዘግብ ሰው የለም።

መረብ ከመንጠቆ በላይ መግደሉ ብዙ ሰው ያስገርማል። ፎቶ ላይ የሚወጣው አልባትሮስ ነዋ። መረብ ውስጥ የሚያልቀው ዳክዬና ጥቁር ጠላቂ ወፍ ለፖስተር አይመችም።

መፍትሔ አለው?

ለመንጠቆው አለው። ያውም ርካሽ።

ታሪኩ የሚጀምረው አውስትራሊያ፣ ታዝማኒያ ነው። ናይጀል ብራዘርስ የተባለ ተመራማሪ ቱና በሚያሰግሩ የጃፓን መርከቦች ላይ ተሳፍሮ የሚሞተውን ወፍ ቆጠረ። በ1991 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጽሑፍ በደቡቡ ውቅያኖስ በእነዚህ መርከቦች ብቻ በዓመት 44,000 አልባትሮስ እንደሚሞት ገመተ። ከዚያ በኋላ ነው ዓለም የነቃው። የጃፓን አስጋሪዎች ግን ከዚያም በፊት የራሳቸውን ዘዴ ፈጥረው ነበር። ለወፍ አዝነው እንዳይመስላችሁ። ወፍ የበላው ምግብ ቱና አይዝም፤ ባዶ መንጠቆ 100 ኪሎ ሜትር መጎተት ደግሞ ኪሳራ ነው።

ዘዴው ወፍ ማስፈራሪያ ገመድ ነው። ጎጃም ውስጥ ማሽላ ሲያሽት ልጅ ማማ ላይ ይወጣል፤ ወንጭፉን የሚያጮኸው ወፏን ሊገድል ሳይሆን ማሳው ላይ እንዳታርፍ ነው። የመርከቡም ገመድ ሥራው ይኸው ነው። ከመርከቡ ኋላ ከፍ ካለ ቦታ ይታሰራል። 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ይዘረጋል። ከላዩ ላይ ደማቅ ቀለም ያላቸው ጥብጣቦች እስከ ውሃው ይንጠለጠላሉ፤ በነፋስ ይወዛወዛሉ። መንጠቆው የሚሰምጠው ከእነዚህ ሥር ነው። ወፏ መንጠቆው ከአቅሟ በላይ እስኪወርድ ትርቃለች።

ሁለተኛው ዘዴ ክብደት ነው። መንጠቆው አጠገብ ትንሽ ክብደት ሲታሰር ቶሎ ይሰምጣል። ክብደቱ ከመንጠቆው በራቀ ቁጥር ከበድ ማለት አለበት። ለምሳሌ በግማሽ ሜትር ውስጥ ከሆነ 40 ግራም፣ በአንድ ሜትር ውስጥ ከሆነ 60 ግራም ይመከራል። ሦስተኛው ዘዴ ሰዓት ነው። አልባትሮስ በብዛት የሚመገበው በቀን ስለሆነ ገመዱ በሌሊት ይጣላል። ሙሉ ጨረቃ ስትሆን ግን ይህ ዘዴ ይዳከማል። ያ ጠላቂው ፔትሬልም ሌሊት ይበላል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የሚመክሩት ሦስቱን አንድ ላይ ነው። ወይም ደግሞ መንጠቆውን ጥልቅ እስኪደርስ ሸፍኖ የሚይዝ፣ ከዚያ በውሃው ግፊት ራሱ የሚከፈት ትንሽ መሣሪያ መግጠም ነው።

እውነት ይሠራል? ከአፍሪካ አንድ ምስክር አለ። የናሚቢያ ባሕር በዓለም ላይ ብዙ የባሕር ወፍ ከሚያልቅባቸው አንዱ ነበር። የአልባትሮስ ግብረ ኃይል የሚባል ቡድን አስጋሪዎቹ ዘንድ መርከብ ላይ ወጥቶ አብሯቸው ሠራ። ግብረ ኃይሉን የመሠረተው በርድላይፍ ኢንተርናሽናል የተባለው የወፍ ጥበቃ ድርጅት ከአጋሩ ጋር ሆኖ ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ማስፈራሪያ ገመዱን በሕግ አስገደደ። ከዚያ በረጅም ገመድ የሚሞተው ወፍ በ98 በመቶ ቀነሰ። ገመዱን የሚሠሩት ዋልቪስ ቤይ በምትባለው የወደብ ከተማ ያሉ የሴቶች ማኅበር አባላት ናቸው፤ ሸጠውት ገቢ ያገኙበታል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ በትሮል የሚሞተው አልባትሮስ በ99 በመቶ ወርዷል። እዚያም የተደረገው ከብረት ገመዱ ጎን ማስፈራሪያ ጥብጣብ ማንጠልጠል ነው። ሌላ ተአምር የለውም።

ሌላም ላክል። አንታርክቲካ አጠገብ ባለችው ደቡብ ጆርጂያ ደሴት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በአንድ የማስገሪያ ወቅት ብቻ ከ5,000 በላይ ወፍ ይሞት ነበር። ወፎቹ ጫጩት በሚያሳድጉበት በጋ ማስገር ተከለከለ። በሌሊት መጣልና ክብደት መጨመር ግዴታ ሆነ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ወደ ጥቂት አሥሮች ወረደ።

ታዲያ ለምን አላለቀም?

ወፉ ድንበር ስለማያውቅ ነው። ደቡብ ጆርጂያ ላይ የተወለደው አልባትሮስ አገሩ ላይ ምንም አይሆንም። ምግብ ፍለጋ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሲሄድ ግን የማንም አገር ያልሆነ ባሕር ላይ ይገባል። እዚያ ደንብ የሚያወጣው አገሮች በጋራ ያቋቋሙት ኮሚሽን ነው። የሕንድ ውቅያኖሱ የቱና ኮሚሽን ለምሳሌ ከ25 ዲግሪ ደቡብ በታች የሚያሰግር መርከብ ከሦስቱ ዘዴዎች ቢያንስ ሁለቱን እንዲጠቀም ያዛል። ደንቡ መጥፎ አይደለም። ግን ማን ያየዋል? ታዛቢ እንዲገኝ የሚጠየቀው ከሥራው 5 በመቶው ላይ ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ መርከቡና ባሕሩ ብቻቸውን ናቸው። አሁን አሁን ሳተላይት መርከቡ ገመዱን በሌሊት ይሁን በቀን የጣለው ከእንቅስቃሴው መለየት ስለቻለ ነገሩ እየጠበቀ ነው።

ሱቅ ስላለው የቱና ቆርቆሮ የሚጨነቅ ሰው ካለ፣ ለዚህ ጉዳይ ዋናው ተጠያቂ እሱ አይደለም። ቆርቆሮ ውስጥ የሚገባው ቱና አብዛኛው የሚያዘው መንጋውን ዙሪያውን በሚከብ መረብ ነው፤ እሱ ወፍ ብዙ አይነካም። በረጅም ገመድ የሚያዘው በተለይ ጃፓን ውስጥ በጥሬው የሚበላው ትልልቁ ቱና ነው።

የቆመ መረብስ?

እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል።

ይህ መረብ ውሃ ውስጥ ግድግዳ ሆኖ ይቆማል። ከላይ ተንሳፋፊ አለው፣ ከታች ክብደት አለው። ዓሣው ሳያየው ጭንቅላቱን ያስገባል፤ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ስንጥቡ ይይዘዋል። የመረቡ ጥበብ አለመታየቱ ነው። ለዓሣ የማይታይ ክር ግን ዓሣ እያባረረ ለሚዋኝ ወፍም አይታይም። እንዲታይ ብታደርጉት ዓሣውም ያየዋል። መንጠቆው ላይ ችግሩ ጥቂት ሰከንድ ነበር። መረቡ ግን ሙሉ ሌሊት፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ነው።

ሙከራ ግን አልጠፋም። ፔሩ ውስጥ አነስተኛ አስጋሪዎች መረባቸው ላይ በየጥቂት ሜትሩ አረንጓዴ መብራት አንጠለጠሉ። የሚያዘው የአገሩ ጠላቂ ወፍ በ85 በመቶ ቀነሰ። የባሕር ኤሊውም አብሮ ቀነሰ። ሁሉም ተደሰተ። ከዚያ ባልቲክ ባሕር ላይ መብራት ተሞከረ። እዚያ አልሠራም። ጭራሽ ነጭ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት አንዱን የዳክዬ ዓይነት ይበልጥ የሳበ መሰለ። ኢስቶኒያ ውስጥ ደግሞ ተንሳፋፊ ላይ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ተስለው በነፋስ እንዲዞሩ ተደረገ። ዳክዬዎቹ በ50 ሜትር ዙሪያ ትንሽ ራቁ። ከዚያ ውጪ ያለው ግን ግድ አልሰጠውም። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ የመረቡ የላይኛው ክፍል በወፍራም ነጭ ክር ሲሠራ የአንዳንዱ ወፍ ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ጎህ ሲቀድ አለማስገርም ረድቷል።

እንግዲህ አንድ ቦታ የሠራ ነገር ሌላ ቦታ ሊከሽፍ ይችላል። ለዚህ ነው "ፔሩ ሠርቷል፣ መብራት ገዝተን ጣና ላይ እንስቀል" የሚል ሐሳብ ስሰማ የምጠራጠረው። መጀመሪያ የራስ ወፍ፣ የራስ ውሃ፣ የራስ ሰዓት መታየት አለበት።

ጣና ላይ ነገሩ ምን ይመስላል?

ጣና ሰፊ ነው፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ግን ጥልቅ አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር፣ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ለወፉ ትልቅ ነገር ነው። ውቅያኖስ ላይ መረቡን ዝቅ አድርጎ ከጠላቂ ወፍ ማራቅ ይቻላል። ጣና ላይ ግን ወዴት ዝቅ ይደረጋል? ትልቁ ጠላቂ ወፍ፣ ኮርሞራንት የሚባለው፣ አብዛኛውን የሐይቁን ወለል መድረስ ይችላል።

ድሮ እዚህ የሚሰገረው ከደንገል በተሠራ ታንኳ፣ ዳር ዳሩን ነበር። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ሞተር ጀልባና ናይለን መረብ መጣ። ቆሮሶና አምባዛ፣ እንዲሁም ከጣና ሌላ የትም የማይገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ወደ ገበያ መጉረፍ ጀመሩ። በኋላ ደግሞ ከአንድ ቀጭን ፕላስቲክ ክር የሚሠራው መረብ ተከተለ። ርካሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ እንደ ሌለ ነው፣ ቶሎም ይበጣጠሳል። የተበጣጠሰው ቁራጭ ይጣላል ወይም ይጠፋል። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የመጣው እንቦጭም በነፋስ እየተነዳ መረብ ይዞ ይሄዳል። የጠፋ መረብ ባለቤት የለውም። ማስገሩን ግን አያቆምም፤ ዓሣም ወፍም ይይዛል።

የትኛው ወፍ ነው የሚጋለጠው? ፔሊካኑ አይጠልቅም። ውሃ ላይ ተቀምጦ ከረጢት ምንቃሩን ነክሮ ነው የሚዝቀው። ስለዚህ የሚያሰጋው ላይ ላይ ያለ መረብና የተጣለ ክር ነው። ዋናው ተጋላጭ ኮርሞራንቱ ነው። ትልቁም ትንሹም እዚህ አሉ። አንገቱ እንደ እባብ ቀጥኖ ከውሃ የሚወጣው ዘመዱም አለ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎች ይጨመራሉ፤ ከእነሱም መሃል ጠላቂዎች አሉ።

ኮርሞራንትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደረቅ ግንድ ላይ ቆሞ ክንፉን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቀው ጥቁር ወፍ ነው። የውጭ ላባው ውሃ ያስገባል። ያ ነው በቀላሉ እንዲጠልቅ የሚረዳው፤ ከወጣ በኋላ ግን መድረቅ አለበት። መረብ ውስጥ የገባችን አንዷን ቀርባችሁ ብታዩ አያያዙ ከዓሣው የተለየ ነው። አንገቷ በአንዱ ዓይን አልፏል። ወደፊት ስትገፋ ክሩ ጠበቀ። ልትላቀቅ ክንፏን ስትከፍት የክንፏ ረጃጅም ላባዎች በጎረቤት ዓይኖች ገቡ። እግሯ ዞሮ ሌላ ክር ጠመጠመ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ትንፋሿ በሚበቃበት ከአንድ ደቂቃ ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው። ጠዋት መረቡ ሲነሳ አጠገቧ ያለው ቆሮሶ በደህና ይፈታል። እሷ ያለችበትን ግን ብዙ ጊዜ በቢላ መቁረጥ ግድ ይላል።

አስጋሪውን ብትጠይቁት ደግሞ የራሱ እሮሮ አለው። ወፉ መረብ ውስጥ የተያዘውን ዓሣ ይነጥቀዋል፣ ይቦጫጭቀዋል፣ መረቡንም ይቀድደዋል። መረብ ደግሞ በዱቤ የተገዛ ነው። እውነቱን ነው። ለዚህ ነው ነገሩን በ"ወፍ አትግደሉ" ስብከት መጀመር የማይጠቅመው። ናሚቢያም የሠራው ወፉ ሲቀር አስጋሪው ስለሚያተርፍ ነው። እዚህም ሁለቱን የሚጠቅመው ተመሳሳይ ነገር ይመስለኛል።

ከሁሉ ቀላሉ ሰዓት ነው። እዚህ መረብ በአመዛኙ አመሻሽ ተጥሎ ጠዋት ይነሳል። ኮርሞራንት በቀን አዳኝ ነው። ስለዚህ ሌሊቱ ችግር የለውም። አደጋው ያለው ጎህ ቀድዶ መረቡ እስኪነሳ ባለው ጊዜ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚነሳውን መረብ 12 ሰዓት ላይ ማንሳት ወፉን ያድናል፤ ዓሣውም ሳይቦጨቅ፣ ፀሐይ ሳይመታው ገበያ ይደርሳል። "ጉማሬስ?" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ አባይ መውጫ አካባቢ በጨለማ መቅዘፍ ሕይወት ያስከፍላል። እዚያ የሚቻለው ብርሃን እንደታየ መውጣት ነው።

ሁለተኛው ቦታ ነው። ወፎቹ የሚያድሩበትና የሚወልዱበት ደንገልና ዛፍ ይታወቃል። ከዚያ ጥግ መረብ ማራቅ ወጪ የለውም። የጉማራ፣ የርብ፣ የመገጭና የግልገል አባይ አፍ ደግሞ የተለየ ነው። ነጭ ዓሣው በክረምት ማብቂያ እንቁላል ሊጥል ወደ ወንዞቹ ሲወጣ እዚያ ይከማቻል። መረቡም እዚያው ይከማቻል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነጭ ዓሣው ቁጥር በኃይል የወደቀበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዓሣ የተከማቸበት ቦታ ወፍም አይቀርም። በነሐሴና በመስከረም የወንዝ አፍ ከመረብ ቢያርፍ ዓሣው ብቻ ሳይሆን ወፉም ይተርፋል።

ሦስተኛው የተጣለው መረብ ነው። ይህ ክርክር የለውም። ቁራጩን ሐይቁ ውስጥ መተው ማንንም አይጠቅምም። ጀልባ ላይ አንድ ጆንያ ማስቀመጥ ይበቃል።

መረብ ውስጥ በሕይወት ያለች ወፍ ብታገኙስ?

ይህ ለአስጋሪ ብቻ አይደለም፤ ዳር ላይ ለሚዘዋወር ሰውም ያጋጥማል።

መጀመሪያ ጋቢ ወይም ጨርቅ ጭንቅላቷ ላይ ጣል አድርጉ። ጨለማ ሲሆን ትረጋጋለች። የኮርሞራንት ምንቃር ጫፉ ቆልማማ ነው፤ የሚሰነዝረውም ወደ ዓይን ነው። ፊታችሁን አርቁ። ክንፎቿን ወደ ጎኗ ሰብስባችሁ ያዙ። ምንቃሯን ግን አፍናችሁ አትሰሩት። ኮርሞራንትም ፔሊካንም አፍንጫቸው በውጭ በኩል የተደፈነ ነው፤ የሚተነፍሱት በአፋቸው ነው። አፏ ከታሰረ እያዳናችኋት ትሞታለች።

ክሩን አትጎትቱ። ቁረጡት። ከአንገት ጀምሩ፣ ከዚያ ክንፍ፣ በመጨረሻ እግር። መንጠቆ ከሆነ በገባበት አታውጡት፤ የመንጠቆው እሾህ ሥጋዋን ይዞ ይወጣል። ጫፉን ወደፊት ገፍታችሁ በሌላ በኩል ብቅ ሲል በፒንሳ እሾሁን ቁረጡትና ከዚያ ቀሪውን ወደ ኋላ ሳቡት። የዋጠችው ከሆነና ካልታየ ክሩን በተቻለ መጠን ምንቃሯ ድረስ አሳጥራችሁ ቁረጡና ተዉት።

ላባዋ ከራሰ ወዲያው ውሃ ላይ አትወርውሯት። ጥላ ያለበት ደረቅ ቦታ ላይ አስቀምጧት፤ ሲደርቅላት ራሷ ትሄዳለች። እግሯ ላይ ቀለበት ካያችሁ አታውልቁት። በላዩ ያለውን ፊደልና ቁጥር ጻፉ ወይም በስልክ ፎቶ አንሱት። ቀኑንና ቦታውን ጨምራችሁ ባሕር ዳር ላለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ወይም ለዩኒቨርሲቲው አድርሱ። የሞተችም ብትሆን ቀለበቱ ያስፈልጋል፤ የት እንደታሰረላት ሊታወቅ የሚችለው በቁጥሩ ነው።